አዲስ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር በክርክር ሲመዘን፦ ጥያቄና መልስ

የብሪታንያ ፓርላማ አባላት ረቡዕ ረቡዕ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚጠይቁበትን ክርክር ለዓመታት ተከታትያለሁ። አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር በመጣ ቁጥር «የመጀመሪያውን ቀን ማን አሸነፈ?» የሚል ጥያቄ ይጎርፍልኛል። ዛሬ የላካችሁልኝን በተራ እመልሳለሁ። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እስቲ መጀመሪያ አሠራሩን በአጭሩ?

መልስ፦ ፓርላማው ሥራ ላይ በሆነባቸው ሳምንታት፣ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይካሄዳል። የዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ስድስት ጊዜ ይጠይቃል። ከቀሩት አባላት ብዙዎቹ ስማቸው በዕጣ ይወጣል። እስከ 1997 ድረስ ማክሰኞና ሐሙስ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር፤ ወደ አንድ ቀን ያጠቃለሉት ቶኒ ብሌር ናቸው። ፈተናው የተቃዋሚው መሪ ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ አለመታወቁ ነው።

ጥያቄ፦ ጎርደን ብራውን አሥር ዓመት የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። እንዲህ ያለ ልምድ ያለው ሰው በመጀመሪያው ቀን እንዴት ይደናቀፋል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ትንሽ ላብራራው።

ብራውን ሥልጣን የተረከቡት ጁን 27 ቀን 2007 ነው። በሦስተኛው ቀን ሎንደን መሃል ቦምብ የተጠመደባቸው መኪኖች ተገኙ፤ በማግስቱ የግላስጎው አውሮፕላን ማረፊያ ጥቃት ደረሰበት። ጁላይ 3 ስለ ሕገ መንግሥታዊ ማሻሻያ ለምክር ቤቱ መግለጫ ሲሰጡ የተዘጋጁበት ጉዳይ ስለነበር ረግተው ተናገሩ። በማግስቱ ግን የመጀመሪያው የረቡዕ ጥያቄ መጣ። የዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ዴቪድ ካሜሮን ሂዝቡት ታህሪር ስለተባለ አክራሪ እስላማዊ ድርጅት ጠየቁ፦ ብሌር ይህን ድርጅት እናግዳለን ካሉ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፣ ለምን አልታገደም? ብራውን ማስረጃ ያስፈልጋል አሉ። ካሜሮን አልለቀቁም። በዚህ ጊዜ ብራውን «ሥራውን ከያዝኩ ገና አምስት ቀኔ ነው» የሚል መልስ ሰጡ፤ ተቃዋሚው ወገን በጩኸት አዳራሹን አናወጠው። ኋላ ላይ የቀድሞው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ሪድ ተነሥተው ጉዳዩ ሁለት ጊዜ ተመርምሮ በቂ ማስረጃ አለመገኘቱን በመናገር ደገፏቸው።

እንደ እኔ ከሆነ ብራውን በፍሬ ነገሩ ልክ ነበሩ። ድርጅት የሚታገደው በማስረጃ ነው፤ ይህን ማለትና እዚያው ላይ መቆም ይበቃቸው ነበር። «አምስት ቀኔ ነው» ሲሉ ግን አሥር ዓመት በካቢኔ መቀመጣቸውን ራሳቸው ሰሚውን አስታወሱ። የገንዘብ ሚኒስትር በጀት ሲያቀርብ አጀንዳው የራሱ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ጥያቄ ሲመልስም ከሥሩ ያሉት ሚኒስትሮች ይካፈሉታል። ብራውን ቁጥር በቁጥር ላይ ደራርበው ማሸነፍ የለመዱ ሰው ነበሩ። ብቻውን ቆሞ ስድስት ጊዜ በተከታታይ ለሚመጣ ጥያቄ መመለስ ሌላ ሙያ ነው።

ይሁንና በዚያ ክረምት ሕዝቡ ወዷቸው ነበር፤ ፓርቲያቸው ሌበር በሕዝብ አስተያየት ልኬት ይመራ ነበር። የተሰበሩት በኦክቶበር ነው፦ ምርጫ ይጠራሉ ተብሎ ሲጠበቅ ተዉት። ኖቬምበር 28 ላይ የሊበራል ዴሞክራቶች ጊዜያዊ መሪ ቪንስ ኬብል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጥቂት ሳምንታት ከስታሊን ወደ ሚስተር ቢን ተለውጠዋል ሲሉ ምክር ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ያ ቃል የጎዳቸው አገሩ አስቀድሞ ያሰበውን ስለተናገረ ነው።

ጥያቄ፦ በመጀመሪያው ቀን የቀናቸውስ?

መልስ፦ ቴሬዛ ሜይ። ጁላይ 20 ቀን 2016 የተቃዋሚው መሪ ጄረሚ ኮርቢን ስለ ሥራ ዋስትና ሲጠይቁ፣ ሜይ ስለ ክፉ አለቃ እያወሩ መልሰው ኮርቢንን ራሳቸውን «ማንን ያስታውስዎታል?» አሏቸው፤ የፓርቲያቸው አባላት በደስታ ጮኹ። ዓመት ሳይሞላ በጁን 2017 ምርጫ አብላጫቸውን አጡ። ሊዝ ትረስም ሴፕቴምበር 7 ቀን 2022 ቀጥተኛ መልስ በመስጠታቸው ተመሰገኑ። ኦክቶበር 19 እዚያው ቦታ ቆመው ታጋይ ነኝ እንጂ ጥሎ ሂያጅ አይደለሁም አሉ፤ በማግስቱ መልቀቃቸውን አስታወቁ። የጣላቸው የሴፕቴምበሩ የበጀት ዕቅድና የገበያው መናወጥ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ እርስዎ ምኑን ያያሉ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ቀን ጨርሶ አልመዝነውም። አምስተኛና ስድስተኛው ረቡዕ ላይ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጀርባ የተቀመጡትን የገዛ ፓርቲያቸውን አባላት አያለሁ፤ ስልካቸውን ማየት ከጀመሩ ነገር አለ። ከዚያ ሦስተኛውን ጥያቄ እጠብቃለሁ። ለመጀመሪያው መልስ ተጽፎ ይመጣል፣ ለሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ፋይሉ ያልቅና ሰውየው ጉዳዩን ያውቀው እንደሆነ ይለያል።

ጥያቄ፦ የያኔው የተቃዋሚ መሪ ዊልያም ሄግ ብሌርን በክርክር ያሸንፏቸው ነበር ይባላል።

መልስ፦ እውነት ነው፣ ብዙ ረቡዕ። በ2001 ምርጫ ግን ክፉኛ ተሸነፉ።

ጥያቄ፦ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢዋሽስ?

መልስ፦ አባላት እርስ በርስ «ዋሸህ» መባባል አይፈቀድላቸውም። በጃንዋሪ 2022 በምክር ቤቱ የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ መሪ የነበሩት ኢያን ብላክፎርድ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ሆን ብለው ምክር ቤቱን አሳስተዋል ብለው ቃላቸውን አላነሳም ስላሉ ከአዳራሹ ወጡ። በጁን 2023 የምክር ቤቱ ኮሚቴ ጆንሰን አሳስተዋል ብሎ ደመደመ፤ ምክር ቤቱም 354 ለ7 በሆነ ድምፅ አጸደቀው። የተነገረው ሁሉ ይመዘገባል። ሳያውቅ የተሳሳተ ሚኒስትር መዝገቡን ቶሎ ማረም አለበት፤ እኔ አዲስ መሪን ከምመዝንባቸው ነገሮች ትልቁ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ የእኛ ጠቅላይ ሚኒስትርም ፓርላማ ቀርበው ለሰዓታት ይመልሳሉ። የግማሽ ሰዓቱ በምን ይበልጣል?

መልስ፦ በእኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የአባላቱ ጥያቄ ተሰብስቦ ያልቅና መልሱ በአንድ ላይ ይሰጣል። በብሪታንያ ጠያቂው መልሱን ሰምቶ ወዲያው ይመለስበታል። ልዩነቱ ከሰዓቱ ርዝመት ሳይሆን «አልመለሱልኝም» ብሎ ደግሞ ከመጠየቁ ነው።

ጥያቄ፦ ሎንደን ነው የምኖረው። ገብቼ ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ፣ በነፃ። የአካባቢህን የፓርላማ አባል ለረቡዕ ትኬት ጠይቃቸው፤ ቀድመህ ጠይቅ፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ያለ ትኬት መሰለፍም ይቻላል፤ ግን ትኬት ያላቸው ይቀድማሉ። ስትገባ የሚናገረውን ብቻ አትይ፤ ከኋላው የተቀመጡትንም እይ።