ጓሳ ለሚያድር፦ ስንቅና ደራርቦ መልበስ

መንዝ ጓሳ ማኅበረሰብ ሎጅ ለማደር ምን ልያዝ ላልከው፣ ምግብህን ይዘህ ሂድ። እንግዳው ራሱ ነው የሚያበስለው። ሽሮ፣ ፓስታ፣ ቡና ምናምን ደብረ ብርሃን ላይ ሸምት።

ዋናው ነገር ግን ብርዱ ነው። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ የመንዝ ሰው ባና (ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ) የሚሸምነው እኮ በከንቱ አይደለም! ወፍራም ካልሲ፣ ኮፍያና ስሊፒንግ ባግ ያዝ። የከተማ ሆቴል ምቾት ከጠበቅክ ይቅርብህ።

ጠዋት ቶሎ ውጣ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገደል ላይ አድረው ሜዳው ላይ ሣር ሊግጡ ይወጣሉ፤ በጣም ሳትጠጋ ቁጭ ብለህ ማየት ነው። ቀይ ቀበሮ ለማየት ግን ዕድልም ያስፈልጋል። ከመነሳትህ በፊት የመንገዱን ሰላም አጣራ።