ከካርቡሬተሩ የምትወርደውን ቀጭን ቱቦ እንዳትደፍናት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «የድሮ ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ሞተር ሳይክል አለችኝ፣ ማታ አቁሜያት ጠዋት ስነሳ ከሥሯ ቤንዚን ፈሶ አገኛለሁ፣ ጋራዥ ሙሉ ካርቡሬተር ቀይር አሉኝ፣ እቤቴ ልጠግናት እችላለሁ ወይ?» ነው ያልከው። ትችላለህ። እኔም ያንተኑ ዓይነት ሞተር ይዤ ያንኑ ነገር አይቻለሁ። መጨረሻ ላይ በገዛ እጄ ጠግኛታለሁ። ከዚያ በፊት ግን በአንድ ስህተት 14 ሺህ ብር ወጥቶብኛል። ያንን እንዳትደግመው ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልህ።

ካርቡሬተር ቤንዚንን ከአየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ ዕቃ ነው፣ ከዚህ በላይ አላስረዳህም፣ ሞተር የያዘ ሰው ያውቀዋል። በቀጥታ ልግባ።

1. መጀመሪያ ከየት እንደሚያፈስ በዓይንህ አረጋግጥ። ቤንዚን አንዱ ጋ ይወጣና በብረቱ ላይ ተንሸራቶ ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል። የረጠበው ቦታ ሁልጊዜ የሚያፈሰው ቦታ አይደለም። ሁሉንም በደረቅ ጨርቅ ጥረግ። ከዚያ ሶፍት ቆራርጠህ ጠምጥም፦ የቤንዚን መዝጊያው ከታንከሩ ጋር የሚገናኝበት ላይ፣ የቤንዚን ጎማው ሁለት ጫፎች ላይ፣ የካርቡሬተሩ ኩባያ (ያ ከታች ያለው ጎድጓዳ ክፍል) ከላይኛው አካል ጋር የሚገጥምበት ላይ፣ በመጨረሻም ከኩባያው ሥር የምትወርደው ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ። መዝጊያውን ክፈትና አስር ደቂቃ ጠብቅ። ቀድሞ የረጠበው ሶፍት ይነግርሃል። ከዚያ ዘግተህ ድገመው። ተዘግቶም ማፍሰሱን ካላቆመ ችግሩ ከመዝጊያው ወይም ከታንከሩ ነው። ሲዘጋ ትንሽ ቆይቶ ካቆመ ከመዝጊያው በታች ነው። ያንተ እንደኔው ከቀጭኗ ቱቦ ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ምክንያቱም ሌሊት ቆማ ነው የምታፈሰው።

2. ሥራውን ደጅ ሥራው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፣ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። እኔ ካርቡሬተሩን የፈታሁ ቀን ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቡና ልታፈላ ከሰል አያይዛ ነበር። ሞተሯ ከበረንዳው ስምንት እርምጃ ያህል ትርቃለች። ሽታው እሷ ጋ ደርሶ «ይሄ ምንድን ነው?» ስትለኝ ነው የነቃሁት። ወዲያው ሞተሯን ከግቢው ጫፍ ወስጄ ሥራውን ሳልጀምር ቡናው እስኪያልቅ ጠበቅኩ። መብራት ከጠፋም ሻማ አታብራ፣ ለነገ አሳድረው። የባትሪውን አንዱን ገመድም ንቀል። የቀዳኸውን ቤንዚን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጥ፣ ልጆች የሚጠጡበት የሀይላንድ ጠርሙስ ውስጥ በፍጹም አታድርግ።

3. አሁን ዋናው ነገር። ያቺን ቀጭን ቱቦ እንዳትደፍናት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሯን ከአንድ መስሪያ ቤት ጨረታ ላይ በእቁብ ብር ነው የገዛኋት። ሥራዬ ገጠር ላይ ስለሆነ እሷ ከሌለች እግሬ የለም። 2014 ዓ.ም. ክረምት ላይ ማፍሰስ ጀመረች። ሐዋሳ ውስጥ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሁለት ቀን አቆዩዋትና «የፍሎት መርፌዋን ቀይረናል» ብለው (ኩባያው ሲሞላ ቤንዚን የምትዘጋዋን ማለት ነው) አስከፈሉኝ። በማግስቱ ጠዋት ያው ናት። ስመለስ ሰውየው ከወንበሩ እንኳን ሳይነሳ «አርጅታለች፣ ሽጣትና ሌላ ግዛ» አለኝ። በጣም ነው የከፋኝ። የተቀየረውን አሮጌ መርፌ አሳየኝ ስለው የለም አለ። ጋራዥ ዕቃ ሲቀይርልህ አሮጌውን ተቀበል፣ መብትህ ነው። የኔ አሮጌ መርፌ የፋብሪካው ኦሪጅናል ነበር፣ በቦታው የገባው ኮፒ መሆኑን በኋላ ስፈታው ነው ያየሁት።

እዚያው ደጃፍ ላይ የነበረ ልጅ «ወንድሜ፣ ቱቦዋን በቡሎን ድፈናት፣ አለቀ» አለኝ። በንዴት ላይ ስለነበርኩ ሰማሁት። ትንሽ ቡሎን ከትቼ በሽቦ አሰርኩት። እውነትም ቆመ። ሦስት ቀን መሬቱ ደረቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መርገጫው ከበደኝ። ስትነሳም ጥቁር ጭስ ተፋች። ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፣ ግን የትም የረጠበ ነገር የለም። ስብሰባ ነበረብኝና ወደ ሻሸመኔ ወጣሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግማሹን እንዳለፍኩ ከላይ ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) በኩል ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማ ድምፅ መጣ። ጉልበቷ ወረደ። ከዚያ ጠፋች። በአይሱዙ ጭኜ ነው የመለስኳት።

ዘይቱን ሳፈሰው እንደ ውሃ ወረደ። ጣቴን ነከርኩት፣ ዘይት የሚባል የማጣበቅ ስሜት የለውም፣ ሽታው ድፍን ቤንዚን ነው። ስጨምር አንድ ሊትር ገደማ ነበር፣ ሲወጣ ሁለት ሊትር ሊሆን ምንም አልቀረው። ትርፉ በሌሊት የገባ ቤንዚን ነው። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የሚቀመጥበት ቦታ ተፍቆ ነበር። ቴስታታው ከነካምሻፍቱ ያገለገለ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮልኝ፣ ከነእጅ ሥራው 14 ሺህ ብር ወጣ።

ቱቦዋ ለምን እንዳለች ያኔ ነው የገባኝ። ኩባያው ውስጥ ፍሎቱ (ቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፈው) ከፍ ሲል መርፌዋን ይገፋና ቤንዚን ይዘጋል። መርፌዋ ካልዘጋች ቤንዚኑ ይሞላል። ሲሞላ በዚያች ቱቦ ወደ መሬት ይወርዳል። መሬት ላይ መፍሰሱ ላንተ ሞተር ጥበቃ ነው። ስትደፍናት ቤንዚኑ ሌላ መውጫ ስለሌለው ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፣ ከዚያ በፒስተኑ ፋሻዎች (ቀለበቶች) በኩል አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይወርዳል። የሚታየው ፍሳሽ የጥቂት ብር ቤንዚን ነው። ሞተሬን የገደለው የማይታየው ነው።

ስለዚህ ካርቡሬተሩን ሳትነካ በፊት የዘይት መለኪያውን አውጣና አሽትት። ልኩ ከፍ ካለ ወይም ቤንዚን ከሸተተ አታስነሳት። ለግቢ ማንቀሳቀሻም ቢሆን አታስነሳት። መጀመሪያ ፍሳሹን ጠግን፣ ከዚያ ዘይት ቀይር፣ ከዚያ ብቻ ርገጣት።

4. እንዴት እንደጠገንኩት ልንገርህ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ማንም እንዲነካት አልፈለግኩም። መዝጊያውን ዘጋሁ፣ ኩባያውን አፈሰስኩ፣ ካርቡሬተሩን አውርጄ ነጭ ጨርቅ ላይ ፈታሁት። ካቻቢቴህ በደንብ የሚገጥም ይሁን። የጃፓን ቡሎኖች ራስ በማይገጥም ካቻቢቴ ጥርሱ ወዲያው ይበላል፣ ከዚያ መከራ ነው። ፍሎቱን የያዘችውን ፒን በመዶሻ እንዳትመታት፣ የቆመችባቸው ሁለት እግሮች ከተሰበሩ ያኔ እውነትም ሙሉ ካርቡሬተር ልትገዛ ነው። በቀጭን ሚስማር ቀስ ብለህ ግፋት።

መርፌዋን ብርሃን ላይ አዙረህ እያት። ጫፏ ላይ ዙሪያውን እንደ ቀለበት የተቆረጠ መስመር ካለ አልቃለች። የምትቀመጥበትን ቀዳዳ በጥጥ ጥረገው፣ ብርጭቆ ወረቀት አታስጠጋ። ፍሎቱን ደግሞ ጆሮህ ጋ አድርገህ አወዛውዘው፣ ውስጡ ፈሳሽ ከተሰማህ ተበስቷል። አንዳንዴ ጥፋቱ ከታንከሩ የመጣች አንዲት የዝገት ፍንጣሪ መርፌዋ ሥር ተቀርቅራ ነው። ያ ከሆነ ዕድለኛ ነህ፣ ማጽዳት ብቻ ነው።

መርፌዋን ለመግዛት መርካቶ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ስጠይቀው «ለብቻዋ አትሸጥም፣ ካርቡሬተር በ3,200 ውሰድ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛው ሱቅ ያለ ሰው ካርቡሬተሩን ተቀብሎ ጎኑ ላይ የተመታውን ቁጥር አነበበና መርፌውን፣ ጓርኒሲዮኑን (የመጋጠሚያውን ማሸጊያ)፣ ጄቶቹን (ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን ቀዳዳ ያላቸውን) የያዘ ሪፔር ኪት (የመጠገኛ ዕቃ) በ450 ብር አወጣልኝ። ዕቃውን ይዘህ ሂድ። በስም ብቻ ከጠየቅክ የማይሆን ይሰጡሃል።

መርፌዋን ገጥሜ ካርቡሬተሩን ገልብጬ በቤንዚን መግቢያው በአፌ ነፋሁ። ፍሎቱ ሲያርፍባት አየር አላለፈም። ፍሎቱን በጣቴ ሳነሳው አለፈ። ደስ አለኝ። ገጠምኳት፣ ከፈትኩ። አሁንም ጠብ!

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። እኔ ኩባያውን ለብቻው ፈታሁትና ቤንዚን ሞልቼ ጋዜጣ ላይ አስቀመጥኩት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጋዜጣው ላይ የሳንቲም የምታህል እርጥብ ክብ ወጣች። ለካ ኩባያው ውስጥ የቆመችው የነሐስ ቱቦ፣ ያቺው የትርፍ ማፍሰሻ፣ ጎኗ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበራት። መርፌ ሺህ ጊዜ ብትቀይር በስንጥቁ ይወርዳል። ያንን ጋራዥም ሱቅም አላየውም። ኩባያውን አጥቤ ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ ካዋልኩት በኋላ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ወስጄ ስንጥቁን በስታኞ (በጋለ ብረት ቀልጦ በሚያጣብቅ ብረት) አስደፈንኩት። 50 ብር ከፈልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጠብታ አላየሁም፣ ሦስት ዓመት አልፎታል።

የቤንዚን ጎማውን ነገር ልርሳ ነበር። ጎማህ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ቀይረው፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ፋሼታ (ማሰሪያ ቀለበት) አድርግ። የግሉኮስ ቱቦ የሚያስሩ አሉ፣ ለአንድ ቀን ይሆናል፣ ከዚያ ቤንዚን እንደ እንጨት ያደርቀዋል። ጓርኒሲዮን ጠፋ ብለህም ተራ ሲሊኮን አትቀባ። ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ፍርፋሪው ጄቱን ይደፍናል። ታንከሩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ቢኖር ደረቅ ሳሙና ስታሽበት እቤት ያደርስሃል። ግን ቤንዚኑ ባዶ ሆኗል ብለህ ወደ በያጅ እንዳትወስደው። ባዶው ታንከር በትነት የተሞላ ስለሆነ ከሞላው ይልቅ እሱ ነው የሚፈነዳው።

ዛሬ ማታ መዝጊያውን ዘግተህ እደር፣ ጠዋት ዘይቱን አሽትት፣ ከዚያ ኩባያውን ጋዜጣ ላይ ሞክረው። ጎኑ ላይ የተመታውን ቁጥር ጻፍልኝ፣ የገዛሁበትን ሱቅ አቅጣጫ እነግርሃለሁ።