ኢቺሮ ያለ ሆም ራን እንዴት ገነነ?

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣው ጃፓናዊው የቤዝቦል ተጫዋች ኢቺሮ ሱዙኪ በሆም ራን (ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ በሚያወጣ ምት) አይታወቅም። ታዲያ ዝናው ከየት መጣ?

መልስ፦ በዋናነት ከእግሩ። በቀኝ እጁ ቢወረውርም የሚመታው በግራ ነበር፤ የግራ መቺ ደግሞ ለመጀመሪያው ቤዝ፣ ማለትም መቺው ከመታ በኋላ ሮጦ ሊደርስበት ለሚገባው የመጀመሪያ ማረፊያ፣ አንድ ሁለት እርምጃ ይቀርባል። መንገዱ 27.4 ሜትር ብቻ ስለሆነ ያቺ እርምጃ ቀላል አይደለችም። ኢቺሮ ዱላውን አወናጭፎ ሳይጨርስ ሰውነቱ ወደ ሩጫ ያደላል፤ ኳሷ መሬት ለመሬት ብትንከባለልም ተከላካዩ አንስቶ እስኪወረውር እሱ ደርሷል። ተከላካዮቹ ቀረብ ብለው ቢጠብቁት ደግሞ ኳሷ በመሃላቸው ታልፋለች።

እ.ኤ.አ. በ2004 ለአሜሪካው ቡድን ሲያትል ማሪነርስ በአንድ የውድድር ዘመን 262 ሂት (መቺውን በሰላም ቤዝ የሚያደርስ ምት) አስመዝግቦ ከ1920 ጀምሮ የቆየውን የተጫዋቹን የጆርጅ ሲስለርን የ257 ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2019 ቶኪዮ ላይ ሲሰናበት በአሜሪካው ከፍተኛ ሊግ፣ በሜጀር ሊግ፣ ያስመዘገበው ሂት 3,089 ደርሶ ነበር። በጃፓን ሊግ ያስመዘገበውን 1,278 ሂት በላዩ የሚደምሩ አሉ፤ ሊጉ የተለያየ ስለሆነ እኛ አንደምረውም።