የዓለም ዋጋ ሲጨምር የገበሬው ዋጋ ለምን አብሮ አይጨምርም?

ጥያቄ፦ ሰሊጥ አምራች ነኝ። የዓለም ዋጋ ጨመረ ሲባል እሰማለሁ፤ የምሸጥበት ዋጋ ግን ካለበት ፈቀቅ አላለም። ነጋዴው እየበላኝ ነው? ሰሊጡን ትቼ በቆሎ ብዘራ ይሻለኝ ይሆን?

መልስ፦ ነጋዴውን ከመጠርጠርዎ በፊት የአገርዎን የንግድ ፖሊሲ ይመልከቱ። እርስዎ እጅ የሚደርሰው፣ የዓለም ዋጋ ወደ አገር ገንዘብ ተመንዝሮ፣ ቀረጡ፣ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ተቀንሶ የሚተርፈው ነው። ብዙ ጊዜ ከባዱ ጉዳት የሚደርሰው በምንዛሪው በኩል ነው። አንድ ኪሎ በ2 ዶላር ተሸጠ እንበል፤ ዶላሩ በገበያ 80 እያወጣ በባንክ በ50 እንዲመነዘር ከተገደደ፣ 160 ይሆን የነበረው ገቢ 100 ሆኖ ይቀራል። ልዩነቱን ማንም ግብር ብሎ አይጠራውም እንጂ ሥራው የግብር ነው።

ጋና ይህን በገዛ ካካዎዋ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከ500 ሺህ ቶን በላይ ስታመርት የነበረች አገር በ1983/84 ወደ 160 ሺህ ቶን ገደማ ወረደች። ድርቁና ሰደድ እሳቱ ድርሻ ነበራቸው፤ ሆኖም የአገሪቱ ገንዘብ የሴዲ ተመን ከእውነተኛ ዋጋው በላይ ታስሮ በመቆየቱና ካካዎውን የሚገዛው የመንግሥት ቦርድ ለገበሬው የሚከፍለው እጅግ በማነሱ፣ ገበሬው ያረጀውን ዛፍ መተካት ትቶ የለቀመውንም በድንበር ወደ ኮትዲቯር ያሻግር ነበር። ከ1983 ጀምሮ ምንዛሪው ሲስተካከልና ለገበሬው የሚከፈለው ሲጨምር ምርቱ ቀስ በቀስ አገገመ።

ከውጭ በሚገባ ጆንያ፣ ሸራና መርጫ መሣሪያ ላይ የሚጣለው ቀረጥም ወጪዎን ያንረዋል። ኢኮኖሚስቱ አባ ለርነር በ1936 እንዳሳየው፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣል ቀረጥ በረጅም ጊዜ ላኪውን የሚጎዳው ልክ ወደ ውጭ በሚላክ ምርት ላይ እንደሚጣል ቀረጥ ነው።

ወደ በቆሎው ስመጣ፣ አገርዎ ከውጭ የሚገባውን በቆሎ በከፍተኛ ቀረጥ የምትከላከል ከሆነ ለጊዜው ከሰሊጥ ሊያዋጣ ይችላል፤ ቀረጡ በአንድ መመሪያ ሊነሳ ስለሚችል ግን ማሳውን በሙሉ አይቀይሩት። የሁለቱን የሄክታር ወጪና ገቢ ጽፈው ያነጻጽሩ፤ እኔ ብሆን ከፊሉን ብቻ እሞክር ነበር።

በቀረው ሰሊጥ ላይ ግን በእጅዎ ያለ ነገር አለ። የታችኞቹ ፍሬዎች ቢጫ ሲሆኑ፣ ሳይፈነዱ ይጨዱት፤ ነዶውን አቁመው ያድርቁ፤ ሲያራግፉም በባዶ መሬት ሳይሆን በንጹሕ ሸራ ላይ ይሁን። አፈርና ጠጠር ዋጋ ያስቀንሳል፤ ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የተገኘበት ጭነት ደግሞ ከወደብ ሊመለስ ይችላል።