ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ በስልክ፦ ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን ላይ ፈረንሳይኛ አስተምራለሁ፤ ስፓኒሽም አስጠናለሁ። ስልክና ኮምፒውተር ተጠቅማችሁ ሁለቱን ቋንቋዎች ስለመማርና ስለማስተማር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ መጣ፤ ደስ ብሎኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ አንገብጋቢ የመሰሉኝን አስቀድሜ እመልሳለሁ። የፈረንሳይኛና የስፓኒሽ ቃላትን እዚህ በፊደላችን የምጽፋቸው ለንባብ ያህል ነው። ትክክለኛ ድምፃቸውን ከስልካችሁ ስሙ።

መምህር፣ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የቱ ይቀላል? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)

አጀማመሩ ላይ ስፓኒሽ ይቀላል። አናባቢዎቹ አምስት ብቻ ናቸው፤ የተጻፈውም እንደተጻፈ ይነበባል። ሌላው አገር ተማሪ የሚቸገርበትን ነገር አንተ ከቤትህ ይዘኸው መጥተሃል። «ኝ» አለችህ፤ ስፓኒሽም አላት። ማጥበቅና ማላላትም ታውቃለህ። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ መኖር ነው። ስፓኒሽም «ር» ላይ እንዲሁ ያደርጋል። «ፔሮ» ሲላላ «ግን»፣ ሲጠብቅ «ውሻ» ይሆናል። «በረረ» ስትል ምላስህ የምታደርገውን እዚያም ታደርጋለች። ግሱም እንደኛው ባለቤቱን በሆዱ ይይዛል። «እበላለሁ» ስትል «እኔ» ማለት እንደማያስፈልግህ ሁሉ፣ ስፓኒሽ ተናጋሪም «ኮሞ» ብሎ ያልፋል።

ፈረንሳይኛ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። ተጽፈው የማይነበቡ ፊደላት ይበዙበታል፤ አማርኛ ውስጥ የሌሉ ድምፆችም አሉት። ግን ምርጫህን በቅለቱ ብቻ አትወስን። ጎረቤታችን ጅቡቲ ፈረንሳይኛን ከዓረብኛ ጋር የሥራ ቋንቋ አድርጋለች። በአፍሪካ ደግሞ ስፓኒሽን ብሔራዊ የሥራ ቋንቋዋ ያደረገች አገር ኢኳቶሪያል ጊኒ ብቻ ናት። ሥራ የምትፈልገው አዲስ አበባ ካሉት የአህጉራዊ ድርጅቶች ከሆነ ፈረንሳይኛ ቶሎ ይከፍልሃል።

ዱኦሊንጎ ብቻውን ይበቃል? (ደብረ ሲና)

አይበቃም። ለመጀመር ግን ጥሩ መተግበሪያ ነው። በየቀኑ የመቀመጥ ልማድ ያስይዛል፤ በነፃም ይሠራል። ጉድለቱ ሁለት ነው። በአማርኛ የሚያስተምርበት መንገድ የለውም፤ እንግሊዝኛ ላይ ተንጠልጥላችሁ ነው የምትማሩት። አብዛኛው ልምምድ ደግሞ ከቀረበላችሁ ቃል መምረጥ ነው። ከራሳችሁ ጭንቅላት አውጥታችሁ ዓረፍተ ነገር ካልገነባችሁ አፍ አይፈታም። ጠዋት አሥራ አምስት ደቂቃ ስጡት፤ የቀረውን ጊዜ ለማድመጥና ለመናገር አውሉት። ተከታታይ ቀን መቁጠሩን ግብ አታድርጉት።

ክፍሌ ውስጥ ስልክ ያላቸው ተማሪዎች ጥቂት ናቸው፤ ኔትም እንዳሻው ይመጣል ይሄዳል። በምን ላስተምር? (መምህር፣ መሐል ሜዳ)

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ ወድጄዋለሁ፤ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ወንድሜ፣ ለሙሉ ክፍል አንድ ስልክ፣ አንድ የብሉቱዝ ስፒከርና አንድ ሚሞሪ ካርድ ይበቃል። ዋይፋይ ያገኘህ ዕለት የሳምንቱን ድምፅ አውርደህ ትገባለህ። ለፈረንሳይኛ የማደንቀው አርኤፍአይ የተባለውን የፈረንሳይ ሬዲዮ የቀለለ ፈረንሳይኛ ዜና ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ይረዝማል፤ ጽሑፉም አብሮት ይወጣል። ለጀማሪ ግን ይከብዳል። ለጀማሪ ቲቪ ሳንክ ሞንድ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የማስተማሪያ ገጽ በነፃ፣ ከኤ1 (ጀማሪ) እስከ ቢ2 (ከመካከለኛ ከፍ ያለ) በደረጃ የተከፋፈሉ ቪዲዮዎችና መልመጃዎች አሉት።

ክፍል ውስጥ ከአርባ ሰከንድ የማይበልጥ ድምፅ ምረጥ። መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ አሰማቸው። ከዚያ በአማርኛ ጠይቃቸው፦ ስንት ሰው ይናገራል? ተቆጥተዋል ወይስ ተደስተዋል? የት ያሉ ይመስላችኋል? ይህን ለመመለስ ቃሉን ሁሉ ማወቅ አያስፈልግም፤ ፍርሃታቸው እዚሁ ይለቃቸዋል። ሁለተኛ ስታሰማ ጆሯቸው የያዘውን ቃል ይጻፉ፤ አጻጻፉ ቢሳሳትም ግድ የለም። ሦስተኛው ዙር ላይ በየዓረፍተ ነገሩ አቁመህ ክፍሉ በሙሉ ይድገም። ጽሑፉን ሰሌዳ ላይ ቃላት እየዘለልክ የምትጽፈው ከዚህ በኋላ ነው። መጽሐፍ አስቀድመን ስንከፍት ልጆቹ ዓይናቸው ያየውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ያነቡታል። ያ አንዴ ከተቀመጠ ለመንቀል ዓመት ይፈጃል።

ድምፁ ከፈጠነባቸው ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ አጫውተህ ፍጥነቱን ወደ 0.8 አውርደው። ከዚያ በታች ስታወርደው ድምፁ ይበላሻል፤ የቃላቱ መያያዝም ይጠፋል።

ኔት ለሌለበት ቀን ኪዊክስ የሚባለውን መተግበሪያ ጫን። በነፃ የሚገኝ ነው። አንዴ ካወረድክበት ዊኪፒዲያንና መዝገበ ቃላትን ያለ ኢንተርኔት ይከፍታል። ቪኪዲያ የምትባለው፣ ለልጆች በቀላል ፈረንሳይኛ የተጻፈችው ኢንሳይክሎፒዲያም በዚሁ በኩል ትገኛለች። ስልክ ላላቸው ልጆች ፋይሉን በዜንደር እጅ በእጅ አድላቸው፤ ካርድ አያስወጣቸውም።

ስልክ ለሌላቸው የቃል ካርድ አሠራ። አንኪ የሚባለው የቃል ካርድ መተግበሪያ የሚሠራበት ሐሳብ ያለ ስልክም ይሠራል። ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው የካርቶን ሳጥን አለ። የጫማ ካርቶን አምስት ቦታ ክፈል። ያለፈ ፈተና ወረቀት ጀርባው ባዶ ከሆነ ቆርጣችሁ ካርድ አድርጉት። በአንድ ገጽ የፈረንሳይኛው ቃል ከነዓረፍተ ነገሩ ይጻፍ፤ በሌላው ሥዕል ይሳልበት። የታወቀ ካርድ ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል፤ የተሳሳቱት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያው ክፍል በየቀኑ ይከለሳል፣ ሁለተኛው በየሁለት ቀኑ፣ ሦስተኛው በሳምንት፤ እያለ ይራዘማል። ልጆቹ ሳጥኑን በተራ ቤታቸው ይውሰዱት። እናቶች ሥዕሉን እያዩ ልጆቻቸውን ሲጠይቁ ማየት በጣም ደስ ይላል።

አንኮበር ፈረንሳዊ የለም። አነባበቤ ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አንኮበርስ የፈረንሳይኛ ባዳ አይደለችም። ፈረንሳዊው ተጓዥ ሮሼ ዴሪኩር እ.ኤ.አ. በ1839 ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1843 ሸዋና ፈረንሳይ ውል ተዋውለዋል። ገጣሚው አርተር ራምቦም እ.ኤ.አ. በ1887 ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ እዚያው ደርሷል። ይህን ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ቋንቋው ከሩቅ የመጣ እንግዳ ብቻ እንዳይመስላቸው።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ የስልክሽ ኪቦርድ ላይ ፈረንሳይኛን ጨምሪ። ከዚያ ማይክራፎኗን ነክተሽ ተናገሪ። ያልሽውን ከጻፈልሽ ድምፅሽ ተሰምቷል ማለት ነው። ሌላ ነገር ከጻፈ የት ጋ እንደተሳሳትሽ ፍንጭ አገኘሽ። አንድ ነገር ልብ በይ። ረጅም ዓረፍተ ነገር ስትናገሪ ስልኩ ከአካባቢው ቃል ገምቶ ያርምልሻል። ጥብቅ ፈተና የምትፈልጊ ከሆነ በድምፅ የሚቀራረቡ ሁለት ቃላትን ለየብቻ በያቸው።

አማርኛ ውስጥ የሌለችውን የፈረንሳይኛ «ዩ» ለማውጣት «ኢ» በይና ምላስሽን ሳታንቀሳቅሺ ከንፈርሽን ብቻ እንደ «ኡ» አሹዪ። በአፍንጫ የሚወጡትን አናባቢዎች ደግሞ በመስታወት ተለማመጂ። «ቦን» ስትዪ የምላስሽ ጫፍ ላንቃሽን ከነካ «ን» ብለሻል ማለት ነው፤ መንካት የለበትም። የአንድን ቃል ድምፅ ከተወላጁ አፍ ለመስማት ፎርቮ የሚባል ድረ ገጽ አለ። ለስፓኒሽ የሜክሲኮውንና የስፔኑን ለይተሽ መስማት ትችያለሽ።

አደራ የምላችሁ፣ ደብተር ላይ ፈረንሳይኛን በፊደላችን አትጻፉ። የእኛ «ቱ» ሁለት የተለያዩ የፈረንሳይኛ ቃላትን አንድ አድርጎ ያስቀራል። በፊደል ፈንታ የድምፅ ፋይል አስቀምጡ።

የ8 ዓመት ልጄ ካርቱን በፈረንሳይኛ ታያለች። ትማርበታለች? (እናት፣ ደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ ብቻዋን ካየች ጥቂት ነው የምትይዘው። አጠገቧ ተቀመጪ። አጭር ካርቱን መርጠሽ ያንኑ ደጋግማ ትየው፤ ልጆች መደጋገም አይሰለቻቸውም። አንቺ ባታውቂውም «ምን አለ?» ብለሽ ጠይቂያት። ለአንቺ ስታስረዳ ነው የሚገባት።

ሹፌር ነኝ፤ ወደ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። መሪ ይዤ ስልክ ማየት አልችልም። (ሸዋ ሮቢት)

ስልኩን አለማየትህ ትክክል ነው፤ አሁንም አትይ። የአንተ መንገድ ድምፅ ብቻ ነው። ላንጉዊጅ ትራንስፈር የሚባል በነፃ የሚወርድ የድምፅ ትምህርት አለ። አስተማሪው ጠይቆ ዝም ይላል፤ አንተ ጮክ ብለህ ትመልሳለህ። ስፓኒሹ ሙሉ ነው፤ ፈረንሳይኛው መግቢያ ነው። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ መሆኑን ግን እወቀው። ላንተ ሥራ ከሁሉ በፊት ቁጥር ያስፈልግሃል። የፈረንሳይኛ ቁጥር ሰባ ላይ ሲደርስ ይጠመዘዛል፤ ሰባን «ስልሳ አሥር»፣ ሰማንያን «አራት ሃያ»፣ ዘጠናን «አራት ሃያ አሥር» ይላሉ። ከ60 እስከ 99 ያለውን የሚያነብ ድምፅ አውርድና ታርማበር ዳገት ላይ ቀስ እያልክ ስትወጣ አብረህ ቁጠር።

ቻትጂፒቲ አስተማሪ ይሆነኛል? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

አጋዥ ይሆንሃል። በተለይ ለጨዋታ ንግግር ጎበዝ ነው። «አንተ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነህ፣ እኔ እንግዳ ነኝ። በኤ2 ደረጃ ፈረንሳይኛ አናግረኝ። ሳትጨርስ አታርመኝ፤ መጨረሻ ላይ ሦስት ዋና ስህተቴን ብቻ ንገረኝ» በለው። እንዲህ ወገቡን ይዘህ ካላዘዝከው ገጽ ሙሉ ማብራሪያ ያወርድብሃል።

ድርሰት ግን አስቀድሞ አያጽፍልህ። አንተ ጽፈህ ስጠው፤ ስህተቱን ያመልክትህ፤ ማስተካከሉን ለራስህ ተው። የአማርኛ ማብራሪያው አንዳንዴ ይሳሳታል፤ የግስ እርባታን ከመዝገበ ቃላት ጋር አመሳክር። አስተማሪዎችም አንዱን ጽሑፍ በሦስት የክብደት ደረጃ ለማዘጋጀት ተጠቀሙበት። ሳታነቡት ግን ለተማሪ አትስጡ።

ለካናዳ የትኛውን ፈተና ልውሰድ? (ዓለም ከተማ)

ለካናዳ ፌዴራል ኢሚግሬሽን ዴልፍ የሚባለው የፈረንሳይኛ ፈተና አይቆጠርም። የሚቀበሉት ቴኤፍ ካናዳና ቴሴኤፍ ካናዳ የተባሉትን የፈረንሳይኛ ፈተናዎች ነው። ውጤታቸው ለሁለት ዓመት ያገለግላል። ዴልፍ ጊዜው ስለማያልፍ ለትምህርትና ለሥራ ማስረጃ ጥሩ ነው። በስፓኒሽ የዚህ አቻ ዴሌ ነው፤ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመው ሴርቫንቴስ ኢንስቲትዩት ነው። ስለ ፈረንሳይኛ ፈተናዎች አዲስ አበባ ያለውን አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝን በቀጥታ ጠይቁ። የናሙና ፈተናዎች በነፃ ይወርዳሉ፤ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ።

በቴሌግራም «ሳትፈተኑ ሰርተፍኬት እንሰጣለን» የሚሉ አሉ። እባካችሁ ብር አትላኩ። ገንዘባችሁ ይበላል፤ በሐሰተኛ ማስረጃ ያመለከተ ሰው ደግሞ ለዓመታት ሊታገድ ይችላል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? (ብዙ ሰው ጠይቋል)

የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ማሠልጠኛ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሁለቱንም ቋንቋዎች በሙሉ ቀን ትምህርት ሰላሳ ሳምንት ገደማ ይሰጣቸዋል። እኛ ከአማርኛ ተነስተን፣ ያውም ከሥራ በኋላ ስንማር ይረዝማል። ስለዚህ «በ30 ቀን አቀላጥፈው» የሚለውን ማስታወቂያ እለፉት።

ስፓኒሽ የሚያናግረኝ ሰው ከየት ላምጣ? (ደብረ ብርሃን)

ታንደምና ሄሎቶክ የሚባሉ መተግበሪያዎች ቋንቋ የሚለዋወጡ ሰዎችን ያገናኛሉ። አማርኛ ፈላጊው ጥቂት ስለሆነ እንግሊዝኛችሁንም አቅርቡ። ለሴት ልጆች የምመክረው፣ ፎቶና አድራሻ አትላኩ፤ ጨዋታው ከትምህርት ከወጣ አግዱት።

ከዚያ በፊት ግን አገር ውስጥ ያሉትን ፈልጉ። በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ደሴት ላይ አድገው ተምረዋል። ስፓኒሽን የተማሩት ገና በልጅነታቸው ነው። ዛሬ ጋሼና እትዬ የምንላቸው ሰዎች ሆነዋል፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አስተማሪ የሆኑ አሉ። እንደ ኩባዎቹ የቃል መጨረሻ «ስ»ን ዋጥ ያደርጓታል። መጀመሪያ ግራ ቢያጋባም ጆሮ ይለምደዋል። በአክብሮት ቀርባችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁና የሚያወሩትን በስልክ ቅዱ። ስለ ደሴቱ ትምህርት ቤት፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ብርቱካን እርሻው ጠይቋቸው። ጥያቄያችሁን አስቀድማችሁ በስፓኒሽ ጻፉት፤ መልሱ ከረዘመባችሁ «ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቮር» በሏቸው፤ ቀስ ይሉላችኋል። ቅጂውን ቤት ገብታችሁ በየአንዳንዱ ደቂቃ እያቆማችሁ ጻፉት። ያልያዛችሁትን ቦታ ምልክት አድርጉና ላኩልኝ፤ አብረን እናደምጠዋለን።