ጊታር ሱቅ ውስጥ መሞከር አፈርኩ

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ ጊታር ልገዛ ብር አጠራቅሜያለሁ። ሱቅ ስገባ ግን ባለሱቁ ቆሞ ያየኛል፣ እኔ ደግሞ ከሦስት ኮርድ በላይ አልችልም። ሳልሞክር ልግዛ እንዴ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ጫማ እንኳ ሳትለካ አትገዛም። ሦስቱ ኮርድ ይበቃሃል፤ ባለሱቁ ስንቱን ጀማሪ አይቷል መሰለህ።

መጀመሪያ አምፕሊፋየር ላይ ሳትሰካው ተጫወት። ትዝታን በቀስታ፣ ቀጥሎም ክሩን ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱ ፍሬት ላይ (አንገቱን የሚያቋርጡት የብረት መስመሮች ናቸው) እየተጫንክ፤ የሆነ ቦታ ክሩ ዝዝ ካለ ወይ ድምፁ ከታፈነ ልብ በል። አንገቱን ከጫፉ በአንድ ዓይንህ እየው። ትንሽ ጎበጥ ማለቱ ችግር የለውም፣ በብሎን ይስተካከላል፤ ከተጠማዘዘ ግን ተወው። ከዚያ ክሩን ቃኘውና ባዶውን ምታ፣ ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነህ ምታ። ያው ኖታ ከፍ ብሎ መምጣት አለበት።

አሁን ሰካው። የድምፅ ቁልፎቹን ስታዞር ከተንኮሻኮሸ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ይሆንሃል። ኬብሉን ነካ ነካ ስታደርገው ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነም ተናገር። አምፕሊፋየሩ ደግሞ ቤትህ ካለው ጋር ይቀራረብ፤ በውድ አምፕ ሁሉም ጊታር ያምራል።

ጣትህ አጭር ከሆነ ሁለቱን የታወቁ የኤሌክትሪክ ጊታር ዓይነቶች፣ የሌስ ፖል ዓይነቱን (የሚነዝረው ክር ርዝመት 24.75 ኢንች) ከስትራቶካስተሩ (25.5 ኢንች) ጋር አወዳድር፤ ክሩ ሲያጥር ፍሬቶቹ ይቀራረባሉ። እኔ የመጀመሪያዬን የገዛሁት ቀይ ስለሆነ ብቻ ነው፣ ትከሻዬን ገደለኝ። ስለዚህ ቁጭ ብለህ ብቻ ሳይሆን በማንገቻው አንግተህ፣ ቆመህም ሞክረው።