«ክላሽ ይመክታል ወይ?» ለምትሉ ወጣቶች

ሰሞኑን አንድ ተማሪ «ይሄ ብረት ለበስ መኪና ክላሽ ይመክታል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ተሽከርካሪን ከጥይት በመከላከል ሙያዬ ሲቆጨኝ የኖረው ይህ አጠያየቅ ነው። ገዢውም፣ ሹፌሩም፣ አንዳንዴ መሐንዲሱም የሚጠይቀው በዚሁ መንገድ ነው። ጥይቱ ምን ዓይነት ነው? ከስንት ሜትር ተተኮሰ? የት መታው? ብሎ የሚቀጥል ጥቂት ነው።

ነገሩን ከራሳችን ታሪክ ብጀምረው ይሻላል። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ ከጣሊያን ጋር ሲጋጠም ጠላት ትንንሽ ታንኮች አሰልፎ ነበር። እያንዳንዱ ታንክ ሁለት ሰው ይይዛል፤ ክብደቱ ከ3 ቶን ትንሽ ይበልጣል፤ የብረቱ ውፍረት እንደየቦታው ከ6 እስከ 14 ሚሊሜትር ነው። በዘመኑ በኛ ሰው እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነበር። የውጅግራ እርሳስ 11 ሚሊሜትር ስፋትና 25 ግራም ክብደት አለው፤ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይበራል። ጉልበቱ ሲሰላ 2,500 ጁል ይደርሳል። ይሁን እንጂ ጠንካራ ብረት ላይ ሲያርፍ ይደፈጠጣል፤ ጉልበቱ ሁሉ እርሳሱን በመበተን ያልቃል።

ታንኮቹ ግን ተማረኩ። ለምን? መትረየሳቸው የሚዞር ማማ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት ተተክሎ ስለነበር የሚሸፍነው ጠባብ ማዕዘን ብቻ ነው። ኋላቸውና ጎናቸው ዕውር ነበር። መንገዱ ደግሞ ጠባብ። ተዋጊዎቹ ከዚያ ማዕዘን ውጪ ቀርበው ላያቸው ላይ ወጡ። በጀግንነቱ እኮራለሁ፤ በሙያ ዓይን ሳየው ግን የሚያስተምረኝ ሌላም ነገር አለ፦ ብረቱ ሳይበሳ ተሽከርካሪው ሊሸነፍ ይችላል።

ከዚያ ቀደም ብሎ አውሮፓ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ታንክ ሲያወጡ ጀርመኖች በተራ ጠመንጃ የሚተኮስ፣ ውስጡ ጠንካራ ብረት ያለው ጥይት ተጠቀሙ። እንግሊዞች ማርክ 4 የተባለውን ታንክ ብረት አወፈሩ፤ ያ ጥይት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1917 ቤልጂየም ውስጥ በሜሲን ውጊያ ላይ ዋጋ አጣ። በ1918 ጀርመኖች 13 ሚሊሜትር ጠመንጃ ይዘው መጡ። ብረቱን ያልበሳው ጥይትም ቢሆን ዝም አይልም፤ እርሳሱ ሲበተን ፍንጣሪው በመመልከቻው ስንጥቅና በመገጣጠሚያው እየገባ ፊት ያቆስል ስለነበር ታንከኞቹ የሰንሰለት ጭንብል ያደርጉ ነበር።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። በስልካችሁ የምታዩት ሰው አንድ ቁራጭ ብረት አቁሞ የሚተኩስበት ቪዲዮ ብዙ እውቀት አይሰጥም፤ የብረቱን ጥንካሬም ሆነ የጥይቱን ፍጥነት አይነግራችሁም። የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ፤ ሰንጠረዥ ለማንበብ ግን ትዕግሥት ይጎድላችኋል። ክብደቱ 3.6 ግራም ገደማ የሆነው 5.56 ሚሊሜትር ጥይት በሰከንድ 937 ሜትር ሲበር ጉልበቱ 1,560 ጁል አካባቢ ነው። ከውጅግራው በእጅጉ ያንሳል። ቀጭን ብረት ላይ ግን የበለጠ አደገኛ ነው፤ ፍጥነቱን በጠባብ ቦታ ላይ ያሳርፋልና። ስለዚህ ነው ስታናግ 4569 የተባለው የኔቶ መስፈርት በደረጃ 1 ትልቁን 7.62 በ51 (የጥይቱ ስፋትና የቀለሁ ርዝመት በሚሊሜትር) ብቻ ሳይሆን ትንሹን 5.56 ጭምር በ30 ሜትር የሚፈትነው። ደረጃ 2 የክላሽን ብረት በሺ ጥይት፣ ማለትም ውስጡ ጠንካራ ብረት ያለውን፣ ይጨምራል። ደረጃ 4 ላይ 14.5 ሚሊሜትር በ200 ሜትር ይመጣል፤ እሱ ከ26,000 ጁል በላይ ነው።

የተለመደው የክላሽ ጥይት ውስጡ ለስላሳ ብረት ስላለው ማግኔት ይስበዋል። ይህን አይተው «ብረት በሺ ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። ማግኔት ጥንካሬን አይለካም።

ውፍረት ብቻ መቁጠር አይበቃም፤ ቢሆንም ልቁጠርላችሁ። ተራውን 7.62 በ51 ለመመከት በተለምዶ 6.5 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ልዩ ጠንካራ ብረት ይገጠማል፤ በካሬ ሜትር 51 ኪሎ ነው። የዚሁኑ ጥይት ብረት በሺ ዓይነት ለመመከት ወደ 14.5 ሚሊሜትር ውፍረት ይኬዳል፤ 114 ኪሎ። በ10 ካሬ ሜትር ልዩነቱ ከ600 ኪሎ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ፍሬኑ፣ አሞርዛተሩና ጎማው ላይ ያርፋል፤ እነሱ ካልተቀየሩ መኪናው ከጥይት ይልቅ በቁልቁለት ሰው ይገድላል።

በጣም የምፈራው ብየዳን ነው። ይህ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ግሎ በፍጥነት ቀዝቅዞ ነው፤ ከ200 ዲግሪ በላይ መልሶ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ብየዳው ዳርና ዳር ያለው ክፍል እንደ ተራ ላሜራ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ጀርባ ሌላ ያልለሰለሰ ብረት ተደራርቦ መግባት አለበት። ቀለም ከተቀባና የውስጥ ልባሱ ከተመለሰ በኋላ ማንም አያየውም፤ ስትረከቡ የሥራውን ፎቶ ከልባሱ በፊት ጠይቁ። ሻጩ ካንገራገረ አትግዙ።

መስታወቱ ደግሞ ያረጃል። ወደ 40 ሚሊሜትር የሚጠጋው መስታወት በካሬ ሜትር ወደ 90 ኪሎ ይጠጋል፤ በውስጥ በኩል ያለው ፖሊካርቦኔት የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ፍንጣሪ ይይዛል። የአውሮፓው መስፈርት ኢኤን 1063 ናሙናውን የሚፈትነው በ18 ዲግሪ ገደማ፣ በ120 ሚሊሜትር ልዩነት በሦስት ጥይት ነው፤ ስለ አራተኛው ጥይት መስፈርቱ ቃል አይገባም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና መስታወት ጠርዙ ሲነጣ ወይም አረፋ ሲያወጣ ንጣፎቹ እየተላቀቁ ነው። ፖሊካርቦኔቱን በአልኮልና በአሞኒያ አትጥረጉ፤ በለስላሳ ሳሙናና በንጹሕ ጨርቅ ይበቃል።

በሩን ከፍታችሁ ልቀቁት። በክብደቱ ዝቅ ካለ ማጠፊያው ተበልቷል፤ ስትዘጉት በበሩና በምሰሶው መካከል ክፍተት ይቀራል። ከውስጥ ተቀምጣችሁ፣ ሌላ ሰው ከውጭ ባትሪ እያበራ ዙሪያውን ይዙር። ብርሃን የገባበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉበትና ለሠራው ሰው መልሱት።